ያገለገለች ፈጣን መኪና ዋጋ እንዴት ይቈረጣል?
የጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ገበያና የገዢዋ ሒሳብ

በቀድሞ ጊዜ አባቶች በቅሎ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲወጡ፤ ሻጩ ስለ በቅሎዋ የሚያወራውን ምስጋና በጆሯቸው እየሰሙ ዓይናቸውን ግን ከእንስሳዪቱ ላይ አይነቅሉም ነበር። አፏን ከፍተው ጥርሷን ይመለከታሉ፤ ኮርቻውን አስወርደው ጀርባዋ ገጣባ እንዳይሆን ይዳስሳሉ፤ ሰኰናዋን አንሥተው ያያሉ፤ በመጨረሻም አንድ ልጅ አስቀምጠው በሜዳው ላይ ያስኬዷታል። የዋጋው ነገር የሚነሣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይልቁንም በቅሎዪቱ ሰጋር የሆነች እንደ ሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። ሰጋር በቅሎ በአካሄዷ ማማር የገዢውን ልብ ትሰርቃለችና፤ ልቡ የተሰረቀበት ሰው ደግሞ ጥርስ ማየት ይረሳል።

በዛሬው ዘመን በአውሮፓ ከተሞች የሰጋር በቅሎን ስፍራ የያዘች አንዲት የመኪና ዓይነት አለች። እርስዋም መጠኗ ትንሽ፤ የኋላ መዝጊያዋ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት፤ አምስት ሰው ከነዕቃው የምትይዝ፤ ነገር ግን ከመጠኗ በላይ ጕልበት ያለው ሞተር የተተከለባት ናት። በሥራ ቀን ባለቤቷን ወደ ሥራው ታደርሳለች፤ ቅዳሜ የገበያ ዕቃ ትጭናለች፤ እሑድ ደግሞ በጠመዝማዛው የተራራ መንገድ ላይ ልቡን ታስደስታለች። እንዲህ ያለችውን መኪና በአዲስነቷ ለመግዛት የብዙ ሰው ዐቅም ስለማይፈቅድ፤ ሌላ ሰው የተገለገለባትን መግዛት የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው እንግዲህ አንድ ነው፤ ስንት ይከፈልባት? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ መልሱ ግን የብዙ ሰው የዓመታት ቁጠባ የቀለጠበት ነው።

የመኪናዪቱ ዘርና ትውልድ

የዚህ ዓይነት መኪና ምሳሌ ሆና የምትጠቀሰው የጀርመኑ የቮልክስዋገን ፋብሪካ የሠራት ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጎልፍ ራሷ በኢትዮጵያ ቮልስ እየተባለች የምትታወቀውን ክብ መኪና እንድትተካ ታስባ በ1974 ለገበያ የቀረበች ስትሆን፤ የአካሏን ቅርጽ ያወጣው ኢጣሊያዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ጥቂት የፋብሪካው መሐንዲሶች ግን በዚህች የቤተ ሰብ መኪና ላይ ኃይለኛ ሞተር ቢተከልባት ምን ልትሆን እንደምትችል ለማየት፤ ከተመደበላቸው ሥራ ውጭ በምስጢር ይሞክሩ ጀመር። የሙከራቸው ፍሬ በ1975 በፍራንክፉርት የመኪና ትርዒት ላይ ታየ፤ በ1976ም ለሽያጭ ቀረበ።

ያች የመጀመሪያዪቱ ጂ.ቲ.አይ. የ1.6 ሊትር ሞተር ነበራት፤ ጕልበቷ 110 የፈረስ ጕልበት፤ ክብደቷ ወደ 810 ኪሎ ግራም፤ ከፍተኛ ፍጥነቷም በሰዓት 182 ኪሎ ሜትር ነበር። የፋብሪካው ሹማምንት 5,000 መኪና ብቻ ቢሸጥልን ይበቃናል ብለው ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ትውልድ ሥራ እስኪያበቃ ድረስ ከ460 ሺህ በላይ ተሠራ። የመቀመጫው ጨርቅ የስኮትላንድ ዓይነት ባለ መስመር ሆኖ፤ የማርሹ እጀታም በጎልፍ ኳስ መልክ እንዲሠራ ያሰበችው ጉንሂልድ ሊልየክቪስት የተባለች የፋብሪካው ባለሙያ ስትሆን፤ ሁለቱም ምልክቶች ከስሟ ጋር ተያይዘው ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዪቱ ትውልድ በትውልድ እየተተካች መጥታለች። ላገለገለች መኪና ዋጋ ማውጣት እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ግን አምስተኛው ትውልድ ይመቻል። እርሱም ከ2004 መጨረሻ እስከ 2008 የተሠራው ነው። ባለ 2 ሊትር ሞተሩ በተርቦ እየታገዘ 200 የፈረስ ጕልበት ያወጣል፤ ባለ እጅ ማርሹ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በ7.2 ሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ይደርሳል፤ እስከ 235 ኪሎ ሜትርም ይሮጣል። ይህ ትውልድ ዋጋው ለመውደቅ የበቃ አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ለሥራ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ወጣቶችና መጠነኛ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች የሚፈልጉት እርሱን ነው።

ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስላገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መልሰውት ነበር፤ ዳሩ ግን በ2001 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ሲቀበል ለዚህ ክብር ያበቃው ይኸው ሥራ ነው። አሜሪካውያን መጥፎ ሆና የተገኘችን መኪና “ሎሚ” ይሏታል፤ አከርሎፍም ይህን ስም ለጽሑፉ አርእስት አደረገው።

የአሳቡ ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። ሻጩ የመኪናውን ምስጢር ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። ገዢው ደጉን ከክፉው ለይቶ ማወቅ ስላልቻለ፤ ለደህናዪቱም ለመጥፎዪቱም የሚሰጠው አንድ መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚህ ጊዜ ደህና መኪና ያለው ሰው፤ “በዚህ ዋጋ ከምሸጣት ራሴ ብነዳት ይሻለኛል” ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎዋን የያዘው ግን በደስታ ይሸጣል። ደህናዎቹ እየወጡ በሄዱ ቍጥር የቀሩት ይበልጥ መጥፎ ይሆናሉ፤ ዋጋውም እያደር ይወርዳል። ይህን ክፉ አዙሪት የሚሰብረው ምስጢሩን የሚገልጥ ማስረጃ ሲገኝ ብቻ ነው። ማስረጃውም የጥገና መዝገብ፤ የምርመራ ወረቀት፤ የታመነ መካኒክ ዓይን፤ ወይም በሕግ የታሰረ ኃላፊነት ሊሆን ይችላል።

ለፈጣን መኪና ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ተራ መኪና አሥር ዓመት ሲነዳ የደረሰበትን ድካም መገመት ይቻላል። ፈጣን መኪና ግን የነዳት ሰው ጠባይ በሆድዋ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በብርድ ሞተር ያስጮሃት ማን ነው? ጕልበቷን ለመጨመር የሞተሯን አእምሮ ያስለወጠ ማን ነው? ከዳገት ቍልቍል ፍሬኗ እስኪግል ያወረዳት ማን ነው? ይህ ሁሉ በውጭ ቀለሟ ላይ አይጻፍም።

የአንዲት ነርስ ሒሳብ

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት፤ በፍራንክፉርት አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምትኖር አንዲት ወጣት ነርስ አለች እንበል። በሆስፒታል የሌሊት ተራ ትሠራለች፤ በዚያ ሰዓት ባቡር አይገኝም፤ ስለዚህ መኪና ለእርስዋ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የእንጀራዋ መሣሪያ ነው። ሆኖም ከልጅነቷ ጀምራ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ትወዳለች። በሦስት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ 8,000 ዩሮ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዋጋ ሁሉ የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተሰጠ ምሳሌ እንጂ የገበያ ተመን አይደለም፤ ገበያ እንደ አገሩና እንደ ወራቱ ይለዋወጣልና።

ይህች ወጣት በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር መኪና ለማየት መሄድ አልነበረም፤ ወረቀትና እርሳስ መያዝ ነበር። ትውልዳቸው አንድ፤ ሞተራቸው አንድ፤ ዕድሜያቸውና የተጓዙት ኪሎ ሜትር የተቀራረበ አሥር መኪናዎችን ከማስታወቂያ መርጣ የተጠየቀባቸውን ዋጋ ጻፈች። እጅግ ውድ የሆኑትንና እጅግ የረከሱትን ትታ፤ ጥገናቸው በመዝገብ የተረጋገጠውን ብታስተያይ የመካከለኛው ዋጋ 6,500 ዩሮ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም፤ በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የተጠየቀ ዋጋ ነው፤ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ 6,500 ለሥራዋ ጣሪያ እንጂ መነሻ ሊሆን አይገባውም።

ሁለተኛው ሥራዋ ወደ ኢንሹራንስ ቤት መደወል ነበር። በጀርመን አገር እያንዳንዱ የመኪና ዓይነት ባደረሰው አደጋና ባስከተለው ወጪ መጠን በደረጃ ይመደባል፤ ነጂውም ያለ አደጋ በነዳበት ዓመት ብዛት ይመዘናል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ዋጋ የተገዙ ሁለት መኪናዎች ለአንድ ወጣት የሚያመጡት የዓመት ክፍያ እጅግ ሊለያይ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው መኪናዋን ከገዛ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማወቁ ለጸጸት ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። ለነርሷ ኢንሹራንሱ፤ የመንግሥቱ ቀረጥና የሰሌዳው ወጪ በአንድነት 1,100 ዩሮ እንደሚሆን ተነገራት።

ርካሽ የመሰለችው መኪና

የመጀመሪያዪቱ መኪና ቀይ ስትሆን የተጠየቀባት 5,600 ዩሮ ነበር፤ የኪሎ ሜትር ቈጣሪዋም 132,000 ያሳያል። ነርሷ ጎረቤቷ የሆኑትን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለምና ይዛቸው ሄደች።

ሽማግሌው ከመኪናዋ ዘንድ እንደ ደረሱ ከሻጩ ጋር ከመነጋገራቸው በፊት እጃቸውን በኮፈኖው ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነበር። ይህን ያደረጉት ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቷት ሞቃ ከሆነ፤ በብርድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው የሞተር ድምፅና የሚታየው ጭስ ሊሰወር ስለሚችል ነው። ሞተሯ ሲነሣ በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጭስ አለመውጣቱን ተመለከቱ፤ ሰማያዊ ጭስ ሞተር ወይም ተርቦ ዘይት እንደሚበላ ምልክት ነውና። ከዚያም ከፊት ጎማዎቹ በስተጀርባ ያለውን የፓራፋንጎ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ፤ በዚህ ትውልድ ላይ ጭቃና ርጥበት በውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጎማዎቹንም አዩ። በጎማ ጎን ላይ የተቀረጹት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ የቀይዋ መኪና ጎማዎች ያረጁ ከመሆናቸውም በላይ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክም ለመለወጥ ደርሷል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ተጠየቀ። ሻጩ ወጣት እስከ አራት ዓመት በፊት ድረስ የተሞላ የጥገና ደብተር አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ባዶ ነበር።

“ከዚያ ወዲህ የሠራላት ማን ነው?” ሲሉ ሽማግሌው ጠየቁ።

“አንድ ጓደኛዬ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለኝም” አላቸው።

“ቺንጋዋስ ተለውጧል?”

“የሚለወጥበት ጊዜ የደረሰ አይመስለኝም፤ እርስዎ እንደሚሰሙት ሞተሯ ደህና ነው።”

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ሞተር ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል አስማምቶ የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው በጕዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ጥገና ከመኪናዪቱ ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ከዚህም ሌላ በከፍተኛ ግፊት ቤንዚን የሚገፋው ፖምፓ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚገናኝበት እንደ ትንሽ ጽዋ ያለ አንድ ብረት አለ። ይህ ብረት በፍግፊያ እየሳሳ ሄዶ ከተበሳ ዘንጉንም ፖምፓውንም ያበላሻል። የብረቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ፖምፓውን ፈትቶ ማየትም ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ትልቅ ነው። ሁለት ፍሪሲዮን ያለውና ማርሹን በራሱ የሚለውጠው ዓይነት ሲሆን ደግሞ፤ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት በየ60,000 ኪሎ ሜትር መለወጡን በደረሰኝ ማረጋገጥ ያሻል።

ነርሷና ሽማግሌው ወደ ቤት ተመልሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሒሳቡም እንዲህ ሆነ። ቺንጋውንና አብሮት የሚለወጠውን የውኃ ፖምፓ ለማስለወጥ 800 ዩሮ፤ አራት ጎማ 480፤ የፊት ፍሬን 350፤ በጠቅላላው 1,630 ዩሮ። ይህ ሁሉ ግን በሙሉ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል ማለት አይደለም። ለማነጻጸሪያ የተያዙት መኪናዎች ጎማና ፍሬናቸው አዲስ ሳይሆን በግማሽ ያለቀ ነው። ስለዚህ ከጎማው ግማሹ 240፤ ከፍሬኑ ግማሹ 175 ሲቀነስ፤ ቺንጋው ግን በእነዚያ ተለውጦ በዚህች ስላልተለወጠ ሙሉው 800 ይቀነሳል። ድምሩ 1,215 ይሆናል። 6,500 ሲቀነስ 1,215፤ 5,285። ደብተሩ ለአራት ዓመት ባዶ ስለ ሆነ ላልታወቀው ነገር መያዣ 300 ሲወጣ ወደ 5,000 ዩሮ ይመጣል። የመኪናዪቱ ትክክለኛ ዋጋ እንግዲህ ይህ ነው።

ወጣቲቱ ደስ አላትና፤ “ታዲያ 5,000 ልስጠው?” አለች።

ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው፤ “ልጄ፤ ይህ የመኪናዪቱ ሒሳብ ነው፤ አሁን ደግሞ የአንቺን ቦርሳ ሒሳብ እንሥራ” አሏት።

ሁለት ጣሪያ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ስፍራ ነው። የመኪናዋ ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ገዢው ሊከፍል የሚገባው ዋጋ ሌላ ነው። ነርሷ ያላት 8,000 ነው። ከዚህ ላይ ለኢንሹራንስና ለቀረጥ 1,100 ይወጣል። ወዲያው መደረግ ላለበት ጥገና ሙሉው 1,630 ይወጣል፤ ጎማ ሻጩ በግማሽ ዋጋ አይሸጥምና። ለድንገተኛ ብልሽት ቢያንስ 800 መቀመጥ አለበት፤ ሌሊት ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ ብትቆም የምታስጠግንበት ሳይኖራት ልትቀር አይገባትምና። የሚተርፈው 4,470 ዩሮ ነው።

ስለዚህ ለቀይዋ መኪና 5,000 ዩሮ ትክክለኛ ዋጋ ሆኖ ሳለ፤ ለዚህች ገዢ ግን ከዐቅም በላይ ነው። በተጠየቀው በ5,600 ብትገዛትማ፤ ከነጥገናዋ 7,230 ታወጣባታለች፤ ኢንሹራንሱ ሲጨመርበት 8,330 ይደርሳል። ማለት፤ አንዲት ሌሊት እንኳ ለሥራ ሳትነዳት 330 ዩሮ ባለ ዕዳ ትሆናለች። ከሁለቱ ጣሪያዎች ገዢ መሆን ያለበት ሁልጊዜ ዝቅተኛው ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሳያፍር ተሰናብቶ ይሄዳል።

ነርሷ እንደዚያው አደረገች። ለሻጩ 4,470 ዩሮ ሰጥታው እምቢ ባለ ጊዜ አመስግናው ሄደች። ያን ሌሊት በእንቅልፍ ፈንታ ቀይዋ መኪና በዓይኗ ላይ ስትዞር እንዳደረች ቢነገር ሐሰት አይሆንም። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው ተረት እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን ልብ ከፈለገው ነገር ሲለይ ነው።

ወረቀት የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ለሌላው መኪና ከመሄዷ በፊት ስለ ወረቀት ጥቂት ማለት ይገባል። በጀርመን አገር መኪና ሁለት የምዝገባ ሰነዶች አሉት፤ ሁለተኛው ክፍል በኢትዮጵያ ሊብሬ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፤ በእርሱ ላይ የተጻፈው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ለቦሎ እንደሚደረገው ሁሉ በዚያም ቱፍና ዴክራን የመሰሉ ድርጅቶች የሚያደርጉት የደኅንነት ምርመራ አለ፤ ላገለገሉ የግል መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። በምርመራው ወረቀት ላይ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ስለሚጻፍ፤ የቀድሞዎቹን ወረቀቶች በቅደም ተከተል አስቀምጦ ማስተያየት ቈጣሪው ወደ ኋላ አለመመለሱን ለማወቅ ይረዳል። ቈጣሪን መነካካት በጀርመን ሕግ ከ2005 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ያም ሆኖ የመሪው ልብስ፤ የፔዳሎቹ ጎማና የመቀመጫው ጎን ማለቅ ከቈጣሪው ይልቅ እውነቱን የሚናገሩበት ጊዜ አለ።

ፈጣን መኪና ላይ ሌላም ነገር ይታያል። ከፋብሪካው በኋላ ሞላዋን ያስቈረጡባት፤ ማርሚታዋን ያስለወጡባት፤ ሞተሯን ያስጠነከሩባት መኪና ብዙ ናት። እንዲህ ያለው ለውጥ ተመርምሮ ካልተፈቀደና በሰነዱ ካልተመዘገበ፤ መኪናዪቱ በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች፤ አደጋ ቢደርስም ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ይነሣል። ሻጩ፤ “ሦስት ሺህ ዩሮ አውጥቼባታለሁ” ቢል፤ ያ ገንዘብ የእርሱ ደስታ ዋጋ ነበር፤ ገዢው ሁለተኛ ሊከፍለው አይገባም። እንዲያውም ጕልበት የተጨመረበት ሞተር የበለጠ ስለሚደክም ዋጋው መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም።

ደግሞም ከማን እንደሚገዛ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ነጋዴ ለግል ገዢ ሲሸጥ ሕግ ለጕድለቱ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ላገለገለ ዕቃ ይህ ኃላፊነት በውል ወደ አንድ ዓመት ሊያጥር ይችላል፤ ጨርሶ ሊቀር ግን አይችልም። የግል ሻጭ ግን ኃላፊነቱን በውሉ ላይ ማስቀረት ይፈቀድለታል፤ ሆኖም ሆን ብሎ የደበቀው ጕድለት ከተገኘበት ይጠየቃል። ስለዚህ የነጋዴው ዋጋ ከፍ ያለ ቢሆን ልዩነቱ በከንቱ አይደለም፤ ገዢው ከመኪናዋ ጋር የአንድ ዓመት ዋስትና ይገዛል።

ውድ የመሰለችው መኪና

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነርሷና ሽማግሌው ሌላ ጎልፍ ለማየት ሄዱ። ይህችኛዪቱ ግራጫ ስትሆን ቈጣሪዋ 178,000 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ የተጠየቀባትም 6,500 ዩሮ ነው። ከቀይዋ ይልቅ ብዙ የሄደች፤ ዋጋዋም የበለጠ ነበር። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰው ሆነው፤ የዘይቱን፤ የቺንጋውን፤ የዚያችንም እንደ ጽዋ ያለች ብረት ደረሰኝ ሁሉ በዓመት በዓመት ለይተው በአንድ ፋይል ይዘው ቈዩዋቸው። ጎማዎቹ ገና የሁለት ዓመት ዕድሜ ነበራቸው፤ ምርመራውም ያለፈው ወር ተደርጓል። ሽማግሌው መካኒክ በጉድጓድና በአቀበት ነድተው ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

የነርሷ ቦርሳ ለዚህች መኪና ሲሰላ ወዲያው የሚደረግ ጥገና ስለሌለ፤ ከ8,000 ላይ 1,100ና 800 ሲወጣ 6,100 ይቀራል። ወጣቲቱ ስለ መኪናዪቱ ጕድለት አንድ ቃል ሳትፈጥር፤ “እርስዎ የጠየቁት ዋጋ የሚገባ ነው፤ እኔ ግን ከ6,100 በላይ ብከፍል ለኢንሹራንስና ለጥገና የማስቀምጠው አይተርፈኝም” አለቻቸው።

ሰውዬው ጥቂት አሰቡ። “እስከ ዛሬ የመጡት ሁሉ ስለ ሩጫዋ ጠየቁኝ፤ ስለ ዘይቷ የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ” አሉና ተስማሙ።

እንግዲህ ሁለቱን ማስተያየት ነው። በ5,600 የተጠራችው ከነጥገናዋ 7,230 ታስወጣ ነበር፤ በ6,500 የተጠራችው ግን በ6,100 ተፈጸመች። በማስታወቂያው ላይ ርካሽ የነበረችው በጠረጴዛው ላይ ውድ ሆነች። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደችውም ከትንሹ ተሻለች፤ የሄደችው መንገድ በመዝገብ የታወቀ ነበርና።

ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ስፍራ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ጂ.ቲ.አይ. ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ገብታ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለምትታይ፤ ለእርስዋ ዕድሜ ዋጋን አይቀንስም። በዚያ ገበያ ላይ የሚፈለገው ከፋብሪካው የወጣችበት ቀለም፤ የመጀመሪያው የመቀመጫ ጨርቅና ያልተለወጠው ሞተር ነው፤ ትልቁ ጠላቷም ዝገት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለችውን የሚገዛ ሰው መኪና ሳይሆን መታሰቢያ ይገዛልና፤ ለሌሊት ተራ ሠራተኛ የሚሆን ሒሳብ አይደለም።

ለተራው ገዢ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ዋጋውን መኪናዋን ከማየት በፊት ማጥናት፤ ኢንሹራንሱን ከስምምነት በፊት መጠየቅ፤ ሞተሩን በቀዝቃዛነቱ ማስነሣት፤ ከደረሰኝ የወጣውን ማመን፤ ሁለቱንም ጣሪያ በወረቀት ላይ መጻፍና ከዝቅተኛው በላይ አለመውጣት። አባቶች የሰጋሪቱን በቅሎ ጥርስ ያዩ የነበሩት በቅሎዋን ስለ ጠሉ አልነበረም፤ ነገ ገደል አፋፍ ላይ የሚሸከመው ጀርባዋ መሆኑን ስላወቁ ነው። ነርሷም የመጀመሪያውን የሌሊት ተራዋን ፈጽማ ንጋት ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ፤ ግራጫዋ መኪና በቀዝቃዛው አየር አንድ ጊዜ ብቻ ተነካክታ ተነሣች፤ ለድንገተኛ ብልሽት የተቀመጠው 800 ዩሮም በባንክ ውስጥ እንዳለ ነበር።